በአራተኛው ሙከራ አሰልጣኙ ይወቀሳሉ?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ፉትቦል የምደግፈው ቡድን በአራተኛው ሙከራ ኳሱን በርቀት ከመለጋት ይልቅ ማጥቃትን መርጦ ሲከሽፍበት እናደዳለሁ። አሰልጣኙን መውቀሴ ተገቢ ነው?
አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ ክቡር አንባቢ፣ ውሳኔና ውጤት ለየብቻ ይመዘናሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2009 ፓትሪየትስ ኮልትስን 34 ለ28 እየመራ፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር፣ አሰልጣኝ ቢል ቤሊቺክ በራሳቸው 28 ያርድ መስመር ላይ ለቀሩት 2 ያርዶች እንዲሞከር አዘዙ። ከሸፈ፤ ኮልትስ 35 ለ34 አሸነፈ።

ውግዘቱ ከባድ ነበር። ሆኖም ኳሱን ለግቶ ለኮልትሱ ኳርተርባክ ለፔይተን ማኒንግ መስጠትም አደገኛ ነበር፤ ሙከራው ቢሳካ ደግሞ ድሉ በእጃቸው ነበር።

ስለዚህ የቀረውን ያርድ፣ የሜዳውን ቦታ፣ ነጥቡንና ሰዓቱን ውጤቱ ሳይታወቅ ይመዝግቡ። የኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ሮመር እ.ኤ.አ. የ2006 ጥናትም ቡድኖች ከሚገባው በላይ እንደሚለጉ አሳይቷል። የልጅዎን የትምህርት ቤት ቡድን የሚገመግሙ ከሆነ ግን፣ የተጫዋቾቹን አቅምና ጉዳት የሚያውቁትን አሰልጣኝ ቢያነጋግሩ ይሻላል።