ምዕራፍ ስምንት፦ የአሠራርን ቅደም ተከተል ስለ መግለጽ

የምዕራፉ ዓላማ

እስካሁን ድረስ ቦታንና ሰውን በቃላት ስለ መግለጽ፥ ታሪክንም ስለ መተረክ ተምራችኋል። በዚህ ምዕራፍ ደግሞ አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ለሌላ ሰው ማስረዳትን ትማራላችሁ። እንዲህ ያለው ድርሰት ከሌሎቹ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ታሪክ የሚተርክ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢያዛንፍ አንባቢው ጥቂት ይደናገራል እንጂ የከፋ ጉዳት አይደርስበትም። አሠራርን የሚያስረዳ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢያዛንፍ ግን ቃሉን አምኖ የሠራው ሰው ዕቃውንም፥ ገንዘቡንም፥ ድካሙንም ያጣል።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡ የትኛው ሥራ ከየትኛው እንደሚቀድም፥ የሚቀድምበትም ምክንያት ምን እንደሆነ አስተውሉ።

የአናጢው የልክ ዘንግ

ደብረ ታቦር ከጉና ተራራ በቅርብ ርቀት፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በእጅ ሥራ ታሪክም ስሟ ይነሣል። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን አሰባስበው መድፍ አሠርተዋል። ከመድፎቹ ሁሉ ትልቁ፥ 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውና በ1860 ዓ.ም. እየተጎተተ መቅደላ የደረሰው ሴባስቶፖል ነው። መድፍ የሚያፈስስ ሰው ቀልጦ የሚፈስሰው ማዕድን ከመርጋቱ በፊት የቅርጹን ልክ አስተካክሎ መጨረስ አለበት፤ ከረጋ በኋላ የተሳሳተውን ልክ መመለስ አይችልም። በር የሚገጥም አናጢ ሥራም በመጠኑ ከመድፍ ሥራ እጅግ ያንሳል እንጂ ሕጉ ያው ነው። መጋዝ ያሳጠረውን እንጨት መልሶ የሚያስረዝም መሣሪያ የለም።

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ በር መግጠም ቀላል ሥራ አይደለም። የክረምቱ እርጥበት እንጨትን ያሳብጣል፤ የበጋው ድርቀት ያኮማትረዋል። እንጨት ሲያብጥና ሲኮማተር በወርዱ ይለዋወጣል እንጂ በቁመቱ ይህን ያህል የሚታይ ለውጥ አያደርግም። ስለዚህ በግንቦት መቃኑን ታክኮ የተገጠመ መዝጊያ በሐምሌ አልዘጋ ይላል። ባለቤቱ በትከሻው ሲገፋው፥ በእግሩም ሲመታው ማጠፊያው ይላላል፤ መዝጊያውም ያዘምማል። ብዙ ክፍተት የተተወለት መዝጊያ ደግሞ የደጋውን ብርድ ያስገባል። ሳይደርቅ ከተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ የተሠራ ከሆነ፥ ሲደርቅ ይጣመማልና ምንም ዓይነት ልክ አያድነውም። በመሆኑም አናጢው ልክ ከመውሰዱ አስቀድሞ እንጨቱ መድረቁን ያረጋግጣል።

በቀድሞ ዘመን የበር መዝጊያ በብረት ማጠፊያ ላይ የሚዞር አልነበረም። ከመዝጊያው ጫፍና ጫፍ ወጣ ብለው የቀሩ የእንጨት እግሮች ከላይ በጉበኑ፥ ከታች በመድረኩ በተበሱ ጉድጓዶች ውስጥ ይሽከረከሩ ነበር። መለኪያውም የሰው አካል ነበር፤ ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ያለው ክንድ፥ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት የተዘረጋው ስንዝር፥ የአራት ጣት ወርድ የሆነው ጋት። የአንዱ ሰው ክንድ ከሌላው ስለሚለይ በሁለት ሰዎች መካከል ክንድ አከራካሪ ነው። ነገር ግን መቃኑንም መዝጊያውንም አንዱ አናጢ በራሱ ክንድ ከለካ ልኩ ይስማማል። የልክ ዘንግ የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው።

የልክ ዘንግ ማለት የደረቀና ቀጥ ያለ፥ ወርዱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፥ ቁመቱ ከመዝጊያው ቁመት ጥቂት የሚያንስ ቀጭን ጣውላ ነው። አናጢው በዘንጉ የላይኛው ጫፍ ላይ አንድ ምስማር ይመታል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አያስገባውም። የምስማሩ ራስ ከጫፉ 3 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ እንዲቀር ያደርገዋል። ይህ 3 ሚሊ ሜትር በመዝጊያውና በጉበኑ መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት ነው። ቀጥሎም የማጠፊያዎቹን ቦታ በዘንጉ ላይ ያሰምራል። የላይኛው ማጠፊያ ከዘንጉ የእንጨት ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይጀምራል፤ የታችኛው ከመዝጊያው ግርጌ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያልቃል፤ ሦስተኛ ማጠፊያ ካለ በሁለቱ አጋማሽ ይሆናል።

ዘንጉ ከተዘጋጀ በኋላ አናጢው ማጠፊያው የሚያርፍበትን መቃን በቱምቢ ይፈትሻል። መቃኑ ካዘመመ መዝጊያው በራሱ ይከፈታል ወይም በራሱ ይዘጋል፤ ይህንንም የማጠፊያ ጥራት አያርመውም። መቃኑ ቀጥ ማለቱን ካረጋገጠ በኋላ መዝጊያውን በመላጊያ እየላገ፥ በመቃኖቹ መካከል እያስገባ፥ ግራና ቀኙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እስኪኖረው ድረስ ያስተካክለዋል። ከታችም መድረኩን እንዳይነካ በቂ ክፍተት ይተውለታል።

አሁን የዘንጉ ተራ ደረሰ። አናጢው ዘንጉን በመቃኑ ላይ አስደግፎ፥ የምስማሩ ራስ ጉበኑን እስኪነካ ወደ ላይ ይገፋውና የማጠፊያዎቹን መስመሮች በሰንጢ ጫፍ ወደ መቃኑ ያስተላልፋል። ከዚያም ያንኑ ዘንግ በመዝጊያው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል። በዚህ ጊዜ ግን ከመዝጊያው ራስ ጋር የሚስተካከለው የምስማሩ ራስ ሳይሆን የዘንጉ የእንጨት ጫፍ ነው፤ ምስማሩ ከመዝጊያው አልፎ ይቀራል። መዝጊያው ሲገጠም ከጉበኑ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚቆም የመቃኑና የመዝጊያው መስመሮች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በሜትር ቢለካ ኖሮ ያቺን 3 ሚሊ ሜትር አንድ ጊዜ መደመር፥ አንድ ጊዜ መተው ያስፈልግ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። ምስማሩ ግን አይረሳም።

ከዚህ በኋላ አናጢው ማጠፊያውን ራሱን በመስመሮቹ መካከል አጋድሞ ዙሪያውን ያሰምርና በማጠፊያው ውፍረት ልክ በመሮ ይቆፍራል። በየማጠፊያው መጀመሪያ አንድ አንድ ቪቴ ብቻ ያስራል። መዝጊያውን ከሥር በሽብልቅ ደግፎ፥ ከፍቶና ዘግቶ ከሞከረ በኋላ የቀሩትን ቪቴዎች ያጠብቃል።

አንድ መዝጊያ ሦስት ማጠፊያ፥ አንዱ ማጠፊያም ሁለት መስመር አለው። እነዚህ ስድስት መስመሮች በመቃኑም በመዝጊያውም ላይ ስለሚሰመሩ ለአንድ በር 12 ምልክት ያስፈልጋል። አራት ክፍል ላለው ትምህርት ቤት 48 ምልክት ማለት ነው። ሁሉንም በሜትር የሚለካ ሰው ቁጥሩን 48 ጊዜ ማንበብ፥ 48 ጊዜም በቃሉ መያዝ አለበት። በሮቹ እኩል ከሆኑ በዘንግ የሚሠራ ሰው ግን የሚለካው አንድ ጊዜ ነው። ቢሆንም ሜትር አያስፈልግም ማለት አይደለም። ከባሕር ዳር ማጠፊያ የሚያስመጣ ሰው ዘንጉን መላክ አይችልም፤ ቁጥር ይልካል። ሥራውና ሠራተኛው በአንድ ቦታ ሲገናኙ ዘንግ ይበልጣል፤ ሲራራቁ ግን ቁጥርና ቃል ብቻ ይቀራሉ። «አሥር ጊዜ ለካ፤ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው ብሂል ለሁለቱም ይሠራል።

ለ. የቃላት ፍቺ

መቃን፦ በበር ግራና ቀኝ የሚቆም እንጨት።
ጉበን፦ በሁለቱ መቃኖች ራስ ላይ የሚጋደም እንጨት።
መድረክ፦ በበር ሥር የሚረገጠው እንጨት ወይም ድንጋይ።
መዝጊያ፦ የሚከፈተውና የሚዘጋው የበሩ ክፍል።
ማጠፊያ፦ መዝጊያን ከመቃን ጋር አያይዞ የሚያዞር ብረት።
ቱምቢ፦ በገመድ ጫፍ የተንጠለጠለ፥ የግድግዳን ወይም የመቃንን ቀጥ ማለት የሚያሳይ ክብደት።
ሽብልቅ፦ አንድ ወገኑ ቀጭን፥ ሌላው ወፍራም የሆነ መደገፊያ እንጨት።

ሐ. ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽ በቅደም ተከተል

በምንባቡ ውስጥ አስደግፎ፥ አጋድሞ፥ ደግፎ የሚሉትን ግሦች አግኝታችኋል። እነዚህ ቦዝ አንቀጽ ይባላሉ። «ለካ» የሚለው ግሥ በቦዝ አንቀጽ እንዲህ ይረባል፦ ለክቼ፥ ለክተህ፥ ለክተሽ፥ ለክቶ፥ ለክታ፥ ለክተን፥ ለክታችሁ፥ ለክተው።

1. ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አይዘጋም። «አናጢው ዘንጉን ለክቶ» ብሎ የሚያቆም ሰው ሰሚውን «ከዚያስ?» ያሰኘዋል። «አናጢው ዘንጉን ለክቶ ቆረጠ» ሲል ግን «ቆረጠ» ማሰሪያ አንቀጽ ሆኖ ሐሳቡን ይዘጋዋል።

2. በቅደም ተከተል ገለጻ በቦዝ አንቀጽ የተነገረው ድርጊት በማሰሪያ አንቀጽ ከተነገረው ይቀድማል። «ለክቶ ቆረጠ» እና «ቆርጦ ለካ» ቃላቸው አንድ ነው፤ ውጤታቸው ግን አንዱ በር፥ ሌላው ማገዶ ነው።

3. ሁለት ድርጊቶች በአንድ ጊዜ የሚፈጸሙ ከሆነ «እየ» ይገባል፤ «እየላገ ያስተካክላል»። ድርጊቱ ካልተፈጸመ ደግሞ «ሳይ» ይገባል፤ «ሳይለካ ቆረጠ»። «ለክቶ ቆረጠ»፥ «እየለካ ቆረጠ»፥ «ሳይለካ ቆረጠ» የሚሉትን ሦስቱን አስተያዩና በአሠራሩ ላይ የሚያመጡትን ልዩነት ተነጋገሩበት።

4. የቦዝ አንቀጹና የማሰሪያ አንቀጹ ባለቤት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «ረዳቱ አናጢውን ጠርቶ መዝጊያውን ያዘ» ብንል የጠራውም የያዘውም ረዳቱ ነው። የያዘው አናጢው ከሆነ «ረዳቱ አናጢውን ጠራው፤ አናጢውም መዝጊያውን ያዘ» ማለት ይገባል። «ዝናብ ዘንቦ መዝጊያው አበጠ» እንደሚለው ባለቤቱ ሁለት ሲሆን ሁለቱም በስም ይጠሩ።

መ. የድርሰት ትምህርት

አሠራርን የምትገልጹለት ሰው በአጠገባችሁ አይደለም። «እንዲህ አድርገህ» ብላችሁ በእጃችሁ አታሳዩትም። ስለዚህ በምትጽፉበት ጊዜ የሚከተሉትን ጠብቁ።

1. ለሥራው የሚያስፈልጉትን ዕቃዎችና መሣሪያዎች በመጀመሪያ ዘርዝሩ። አንባቢው በሥራው መካከል መሮ ፍለጋ እንዳይነሣ ነው።
2. የሚቀድመውን አስቀድሙ። «ከዚህ በፊት ግን» የሚል ሐረግ ከብዕራችሁ ከወጣ አንድ ነገር ያለ ቦታው መግባቱን ዕወቁና ወደ ቦታው መልሱት።
3. «ትንሽ»፥ «በርከት ያለ»፥ «ልክ በልክ» በሚሉ ቃላት ፈንታ በተቻለ መጠን ቁጥር ስጡ።
4. ጥንቃቄ የሚያሻውን ሥራ ከነምክንያቱ ግለጹ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ያልተነገረውንም ያስተውላል።
5. በ«አንተ» ከጀመራችሁ በ«አንተ»፥ በ«እርሱ» ከጀመራችሁ በ«እርሱ» ጨርሱ።

የሚከተለውን ጽሑፍ ተመልከቱ።

«ማጠፊያውን በተቆፈረው ቦታ አስቀምጠህ በቪቴ ታጠብቀዋለህ። ከዚህ በፊት ግን ትንሽ ይቆፈራል። ዘንጉም ምስማር ሊኖረው ይገባል። መዝጊያው መላግ አለበት።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተነገረው ነገር ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ይህን አንብቦ በር ሊገጥም የሚችል ሰው አይገኝም። የመጨረሻው ሥራ መጀመሪያ መጥቷል፤ «ትንሽ» ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ ምስማሩ ለምን እንደሚያስፈልግ አልተነገረም፤ አድራጊው አንድ ጊዜ «አንተ» ሆኖ ሌላ ጊዜ ጠፍቷል። ተስተካክሎ ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«መዝጊያውን ልገህ፥ ግራና ቀኙን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ትተህ ታስተካክለዋለህ። በልክ ዘንጉ ጫፍ ላይ ምስማር መትተህ፥ የላይኛው ክፍተት እንዲጠበቅ ራሱን 3 ሚሊ ሜትር ታስቀረዋለህ። በዘንጉ የማጠፊያውን ቦታ ወደ መቃኑና ወደ መዝጊያው ካስተላለፍህ በኋላ በማጠፊያው ውፍረት ልክ ትቆፍራለህ። በመጨረሻም ማጠፊያውን አስቀምጠህ በቪቴ ታጠብቀዋለህ።»

ሠ. መልመጃ

መልመጃ 1። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. በግንቦት በደንብ ይዘጋ የነበረ በር በሐምሌ እንቢ የሚለው ለምንድን ነው?
2. ዘንጉ በመዝጊያው ላይ ሲቀመጥ የምስማሩ ራስ ከመዝጊያው ራስ ጋር ቢስተካከል ምን ስሕተት ይፈጠራል?
3. ክንድ በሁለት ሰዎች መካከል አከራካሪ ሲሆን በአንድ አናጢ እጅ የሚያገለግለው ለምንድን ነው?
4. ሁለት ማጠፊያ ብቻ ያላቸው አምስት በሮች ስንት ምልክት ያስፈልጋቸዋል?

መልመጃ 2። የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በትክክለኛው ቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ ከዚያም ቦዝ አንቀጽ እየተጠቀማችሁ በሁለት ዐረፍተ ነገሮች አዋሕዱ።

ሀ. አናጢው ቪቴዎቹን አጠበቀ።
ለ. አናጢው መቃኑን በቱምቢ ፈተሸ።
ሐ. አናጢው የማጠፊያውን መቀመጫ ቆፈረ።
መ. አናጢው መስመሮቹን በሰንጢ አስተላለፈ።

መልመጃ 3። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከ150 እስከ 200 ቃላት ያለው ድርሰት ጻፉ።

ሀ. ለቡሄ የሚጮህ ጅራፍ አገማመድ
ለ. የእንጀራ አጋገር
ሐ. የድንች አተካከልና አኮታኮት

ድርሰታችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት። እርሱም ካነበበው በኋላ፥ ጽሑፉን ሳያይ፥ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ ይንገራችሁ። የተደናገረበትን ቦታ አስምሩበት፤ ከመምህራችሁ እርማት በፊት መጀመሪያ የምታርሙት ያንን ነው።