የስልክ ጥሪ መንገዱን እንዴት ያገኛል?



በዒድ ጠዋት አዲስ አበባ የሚማር ወንድማችን አምበር ወዳለው ቤተሰቡ ይደውላል እንበል። ጥሪው በደብረ ማርቆስ ማዞሪያ በኩል የሚያልፍ ይሁን። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የሚወስዱት መስመሮች በሙሉ ቢያዙ፣ ጥሪው በየት ይለፍ?

አንዱ መንገድ የሁሉንም ማዞሪያዎች ሁኔታ የሚከታተል አንድ ማዕከል ማቋቋም ነው። ነገር ግን መረጃው እስኪሰበሰብ የመስመሩ ሁኔታ ሊለወጥ ይችላል፤ ማዕከሉ ከተበላሸም ችግሩ ለሁሉም ይተርፋል። ሁለተኛው መንገድ እያንዳንዱ ማዞሪያ ራሱ እንዲወስን ማድረግ ነው። ጊበንስ፣ ኬሊና ኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያጠኑት ዘዴ ይህ ነው፤ የእንግሊዙ ብሪቲሽ ቴሌኮም በ1996 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ አውሎት ነበር።

ሕጉ ቀላል ነው። ማዞሪያው በመጀመሪያ ቀጥታውን መስመር ይሞክራል። ከሞላ፣ በቃሉ በያዘው አንድ አማራጭ፣ ለምሳሌ በባሕር ዳር በኩል ይልካል። ከተሳካ ለሚቀጥለውም ያንኑ ይይዛል። ካልተሳካ ያ ጥሪ ይቀራል፤ ማዞሪያውም ለሚቀጥለው ሌላ አማራጭ በዕጣ ይመርጣል። በዚህ መልኩ ማንም ሳያዘው፣ ክፍት የሆነውን መንገድ ከራሱ ልምድ ይማራል።

ይሁን እንጂ አንድ አደጋ አለ። ዞሮ የሚሄድ ጥሪ በአንድ መስመር ፈንታ ሁለት ይይዛል። በተጨናነቀ ቀን ሁሉም መዞር ከጀመረ፣ ዞረው የመጡት የቀጥታ ደዋዮችን ቦታ ይወስዳሉ፤ እነዚያም በተራቸው ይዞራሉ። በመጨረሻ አውታረ መረቡ የሚያስተናግደው ጥሪ ጭራሽ ያንሳል።

መፍትሔው ጥቂት መስመሮችን ለቀጥታ ጥሪ ብቻ ማቆየት ነው። ከ100 መስመሮች 5 ከተጠበቁ፣ ዞሮ የመጣ ጥሪ የሚገባው ከ5 በላይ ክፍት ሲኖር ብቻ ነው። እንግዲህ ያለ ማዕከል መሥራት የሚቻለው እያንዳንዱ ያገኘውን ሁሉ ስለወሰደ ሳይሆን ለባለ መስመሩ ድርሻ ስላስቀረ ነው።

መልመጃ፦ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ካሉት 100 መስመሮች 96ቱ ተይዘዋል። የወንድማችን ጥሪ በዚያ በኩል ያልፋል? አያልፍም፤ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው። ባሕር ዳር ላለች እናቱ የሚደውል ሌላ ተማሪ ግን ያገኛታል። ወንድማችንም ደግሞ ሲደውል ማዞሪያው ሌላ መንገድ ይሞክርለታል።