ጥፋቱን ለራሱ መንገር

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ብዙዎቻችን የጽዋ ማኅበር አለን። የተጣላ ካለ ሙሴው ያስታርቃል። እርቁ ግን አንዳንዴ የአፍ ብቻ ነው። ማኅበርተኛችን ወሰን ሲገፋ ፊት ለፊት ዝም እንልና ዞር ሲል እናማዋለን። ታዲያ ሐሜት መቼ መሬት ይመልሳል?

የማቴዎስ ወንጌል፣ ምዕራፍ 18፣ ከቁጥር 15 እስከ 17 ቅደም ተከተሉን ያሳያል። መጀመሪያ ብቻውን አግኝተን ጥፋቱን እንነግረዋለን። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘን እንሄዳለን። እምቢ ካለ ለቤተ ክርስቲያን ይነገራል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምርና በሰው ፊት እናዋርደዋለን። የተዋረደ ሰው ጥፋቱን ረስቶ ስድቡን ያስባል።

«ወንድሜ፣ ትልምህ ከወሰኑ ድንጋይ አልፏል፤ ነገ አብረን እንየው» ብንለውስ? ይህም ሳይዘራ በፊት ነው። ከተዘራ በኋላ ነገሩ ይከብዳል።