ቦታውን አስቀድሞ ሰውን መጠበቅ፦ የጎዳና ፎቶግራፍ በወልቂጤና በቡታጅራ

የጎዳና ፎቶግራፍ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ካሜራ አንግቶ መንገደኛን የሚያሳድድ ሰው ነው። ዳሩ ግን ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲዬ-ብረሶን እ.ኤ.አ. በ1932 በኢየር ከተማ ያነሳው፣ ከጠመዝማዛ ደረጃ ሥር ብስክሌተኛ ሲያልፍ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ሌላ መንገድ ያመለክተናል። ደረጃው የትም አይሄድም፤ መጥቶ የሚያልፈው ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ቦታውንና ብርሃኑን አስቀድሞ መርጦ ሰውን የመጠበቅን ዘዴ ወልቂጤንና ቡታጅራን ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

በመጀመሪያ የሚመረጠው ብርሃን ነው። ሁለቱም ከተሞች በ8 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ስለሚገኙ ፀሐይ ከአድማስ ቀጥ ብላ ለመውጣት የተቃረበች ናት። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ ከፍታዋ 15 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ከ6 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። በሁለተኛው ሰዓት ጥላው ወደ 3 ሜትር፣ በሦስተኛው ከቁመቱ ጋር ወደ መተካከል ይወርዳል። ረጅም ጥላ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ብዙ ጊዜ የለውም።

የመሬቱ አቀማመጥም ሰዓቱን ይወስናል። ቡታጅራ በዘቢዳር ተራራ ምሥራቃዊ ግርጌ ስለምትገኝ ማታ ፀሐይ ቀደም ብላ ከተራራው ጀርባ ትሰወራለች፤ ወደ ስምጥ ሸለቆ ግን ክፍት በመሆኗ የጠዋት ከተማ ናት ለማለት እንደፍራለን። ከሰሜን ወደ ደቡብ በግርድፉ በሚዘረጋው ዋና መንገዷ ላይ የጠዋት ጥላ መንገዱን አቋርጦ ይተኛል። በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤ ደግሞ በስተምዕራብ መሬቱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ዝቅ ስለሚል የማታውን ብርሃን ታቆያለች።

ቀጥሎ ካሜራውን ሰው ከመምጣቱ በፊት ማዘጋጀት ነው። ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንስ በተለመደው የፊልም ስፋት፣ የብርሃን ቀዳዳው ኤፍ 8 ላይ ሆኖ 5 ሜትር ላይ ቢተኮር፣ ከ2.5 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቅ ድረስ ያለው ሁሉ ለዓይን ጥርት ብሎ ይታያል። ይህም የ0.03 ሚሊሜትር ብዥታን ዓይን አይለየውም ከሚለው ግምት የተነሣ ነው። በሰከንድ 1.4 ሜትር የሚራመድ ሰው በ5 ሜትር ርቀት አግድም ሲያልፍ መዝጊያው 1/250 ሰከንድ ቢከፈት ምስሉ 0.04 ሚሊሜትር ያህል ይንሸራተታል፤ 1/500 ሲሆን ግን 0.02 ብቻ ነው። እግሩ ከሰውነቱ ስለሚፈጥን ትንሽ ብዥ ይላል፤ እኛ ግን እንወደዋለን።

ከዚህ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው፤ ትዕግሥት ደግሞ ይሰላል። በደቂቃ 6 ሰዎች ያልፋሉ፣ ከ40ዎቹ አንዱ ለምስሉ ይስማማል ብለን እናስብ። በ20 ደቂቃ 120 ሰዎች ያልፋሉ፤ አንድም የሚስማማ ሳይመጣ የመቅረቱ ዕድል 39/40 በ120 ኃይል፣ ማለትም 5 በመቶ ያህል ነው። በሁለት ደቂቃ ተስፋ ቆርጦ የሚሄደው ግን ከአራት ጊዜ በሦስቱ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስሌቱ ያልገመተው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የሰው ጨዋነት ነው። በቡታጅራ አንድ ጠዋት የኮባ ሸክም በጀርባቸው ያዘሉ እናት ካሜራችንን አይተው ከፍሬማችን ጠርዝ ላይ ቆሙ። እኛ እንዲያልፉ ስንጠብቅ እርሳቸው እንድንጨርስ ይጠብቃሉ። «እናቴ፣ ይለፉ» ብንላቸው «ጨርሱ ልጆቼ» አሉን። ሸክም ያለበትን ሰው ያቆምነው እኛ መሆናችንን ያኔ ተረዳን፤ ካሜራውን ዝቅ አደረግን፤ እርሳቸውም መርቀውን አለፉ። ያን ምስል አላነሳነውም።

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት ካገኙት አንዱ የሆነው ግርማ በርታ፣ የአዲስ አበባን መንገደኞች ከአካባቢያቸው ነጥሎ በአንድ ወጥ ቀለም ላይ ያስቀምጣቸዋል። እሱ ቦታውን አስወግዶ ሰውን ያስቀራል፤ የእኛ ዘዴ ግን ከቦታው ይነሣል፤ ስለዚህ ቦታው የማን መተላለፊያ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይሆንብናል።

ከዚያ ወዲህ ከእግረኛው መስመር ወጥተን፣ ግድግዳ ተጠግተን፣ ካሜራውን ደረታችን ላይ ይዘን እንቆማለን፤ ለሚያልፈውም አስቀድመን ሰላምታ እንሰጣለን። ያነሳነውን እናሳያለን፤ ይጥፋልኝ ያለ ካለ እዚያው ፊቱ እናጠፋለን። አንድ ብላቴና ግን ምስሉን ካየ በኋላ ቆንጆ አይደለም ብሎ አምስት ጊዜ ተመላለሰልን።