ግሩፕ ላይ ምን እንላክ፣ ምን እንተው?

እህቶቼ፣ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ሳይሰማ ለሚውል ጆሮ ማታ የሚገባ የድምፅ መልእክት ትልቅ ነገር ነው። አንዷ የሠራችውን ሽሮ ፎቶ አንስታ ትልካለች፣ ሌላዋ የልጇን ድምፅ ታሰማናለች፣ "አይዞሽ" እንባባላለን። ይሄ ይቀጥል። ግን ግሩፑ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አናውቅም። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠንቀቅ፦

1. የማዳምን ልጆች፣ ቤተሰቡንና የቤቱን ውስጥ አንስተሽ አትላኪ። ሳዑዲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ በስልክ ካሜራ የሰውን የግል ሕይወት መድፈር እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል ሊያስቀጣ ይችላል።

2. ፓስፖርትና ኢቃማ ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ኮፒውን አገር ቤት ላለ፣ ለምታምኚው ሰው ብቻ ላኪ።

3. በስልክሽ የሚመጣውን ባለ 6 አሃዝ የዋትሳፕ ኮድ ለማንም አትስጪ። ኮዱን ያገኘ ሰው በአንቺ ስም ከጓደኞችሽ ብር ሊጠይቅ ይችላል።

ችግር ሲገጥምሽስ? ዝም አትበዪ፤ ለምታምኛት አንዲት እህት በግል ንገሪያት። የአሠሪሽን ስም፣ ስልኩንና የቤቱን ሎኬሽን ደግሞ ዛሬውኑ ላኪላት። ድምፅሽ ሲጠፋ የት እንደምትፈልግሽ ታውቃለች።