የሌሊት ጭነትና የመኪና ባትሪ፦ የአንዲት አምፖል ሂሳብ

በአዝመራ ወራት ከሮቤና ከጎባ ዙሪያ ስንዴ የሚያነሳ ነጋዴ ጭነቱ ሳያልቅ የሚመሽበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የመልካ ዋከና የውሃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በዚያው ቀጣና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ቢቆምም መስመሩ በየአውድማው አልተዘረጋም። ስለዚህ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ አምፖል ያበራል። ሲነጋ መኪናው አልነሳም ይላል። የተጫነ መኪና በግፊ ማስነሳት አስቸጋሪ ነው፤ ጫኝና ደላላ ግን ሒሳባቸውን ይጠብቃሉ፤ ገዥውም ሌላ ሻጭ ያገኛል።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የባትሪው አይደለም። ባለ 21 ዋት የተለመደው አምፖል ከ12 ቮልት ባትሪ 1.75 አምፔር ይስባል። በ10 ሰዓት 17.5 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ይህም 60 አምፔር ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ ከሩብ በላይ ነው። ሁለት አምፖል ከበራ ከግማሽ ያልፋል። የባሌ ደጋ ብርድ ደግሞ የባትሪውን አቅም ይቀንሳል፤ የሞተሩንም ዘይት ያወፍራል።

መፍትሔው በማንኛውም ራዲዮ ጠጋኝ ቤት ሊሠራ ይችላል። አንዲት ነጭ ኤልኢዲ 3.2 ቮልት ያህል ትፈልጋለች። ሦስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 9.6 ቮልት ይሆናል። ሞተር ሲሠራ የመኪናው ቮልቴጅ እስከ 14.4 ስለሚደርስ ትርፉን 4.8 ቮልት የሚይዝ ባለ 330 ኦም ሬዚስተር ይገባል፤ በዚህም 15 ሚሊአምፔር ያህል ብቻ ያልፋል። ሬዚስተሩን ለመቆጠብ የሚሞክር ኤልኢዲዎቹን በአንድ ቀን ያቃጥላል። ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ ነው። እንዲህ ያሉ አምስት መስመሮች ጎን ለጎን ቢያያዙ 15 ኤልኢዲ ይሆናሉ፤ በ10 ሰዓት ከ1 አምፔር ሰዓት በታች ይወስዳሉ። ብርሃናቸው ሚዛን ለማንበብና ደረሰኝ ለመጻፍ ይበቃል። ለጫኞች ሦስት እጥፍ ቢሠራም ወጪው ከ3 አምፔር ሰዓት አይበልጥም።

የጭነት መኪና ባለቤቶች ግን አንድ ነገር ማስተዋል አለባቸው። አብዛኞቹ ትላልቅ መኪኖች ሁለት ባትሪ ተያይዞላቸው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ለመብራትም ለቴፕም ሲባል ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መሳብ የተለመደ ነው፤ ክፉ ልማድ ነው። የተሳበበት ባትሪ እየደከመ ይሄዳል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላቸው ሌላኛው ከልክ በላይ ይሞላና ውሃው ይደርቃል። ውሎ አድሮ ሁለቱም ይጣላሉ። ትክክለኛው መንገድ ስድስት ኤልኢዲ በተከታታይ ከባለ 680 ኦም ሬዚስተር ጋር አያይዞ ሙሉውን 24 ቮልት መጠቀም ነው።

በሁለቱም ዓይነት መኪና ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ባለ 1 አምፔር ፊውዝ መግባት አለበት። ያለ ፊውዝ የተዘረጋ ሽቦ በጆንያና በገለባ መካከል ከተላጠ የሚቃጠለው ሽቦው ብቻ አይሆንም።

ርካሽ ነጭ ኤልኢዲ ሰማያዊነት ስለሚያመዝንበት የስንዴን ቀለም ያሳስታል። ክብደት በሌሊት ቢመዘን፣ የጥራት ዋጋ ግን ሲነጋ ይቆረጥ።