ቡናውን ሳይሆን ጠጪዎቹን

ከሰበታ የጻፍሽልኝ እህቴ፣

«የልብ ድካም ላለበት ባለቤቴ ቡና ይከለከላል ወይ?» ብለሻል። ለአብዛኛው ታማሚ አንድ ሁለት ስኒ አይከለከልም፤ የእሱን ሐኪሙ ይንገርሽ። ለዚሁ ሐኪም እንቅልፍ ማጣቱንና ምግብ መጥላቱንም ንገሪ፤ «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጂው። ስለ ቡናው ይህ ይበቃል።

ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ክኒኑ ሰዓት፣ ስለ እግሩ እብጠት፣ ጨው ስለ ቀነስሽበት ወጥ ጽፈሽ፣ መሃል ላይ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አድርገሻል፦ «ሰው ከንፈር እንዳይመጥብን ብዬ ጎረቤት ቡና መጥራት ትቻለሁ፤ እሱም ምንም አላለኝ።»

ምን ሊልሽ ኖሯል? «ከድሮም ዝምተኛ ነው፣ ጠባዩ ነው» ያልሽው ራስሽ ነሽ። ዝምተኛ ሰው ዝም ስላለ ተስማማ ይባላል እንዴ? ይህ ሰው እኮ የጭነት መኪና ይዞ በጅማ መንገድ ሲመላለስ የኖረ ነው። ወሬ ባያበዛም ረዳቱ ነበረ፣ የሹፌር ጓደኞቹ ነበሩ፣ ምሳ የሚበላበት ቤት ሰዎች ነበሩ። እነዚህን በሽታው ወሰደበት። ጎረቤቱን የወሰድሽበት ግን አንቺ ነሽ። ቆጣ አልኩብሽ መሰለኝ፤ ይሁን።

ጠባይ ካነሳሽ አይቀር፣ ዮሃን ዴኖሌት የተባለ የቤልጂየም የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሐዘን የሚያበዛና ስሜቱን አፍኖ የሚይዝ የልብ ታማሚ ለሞት ይበልጥ የተጋለጠ ነው ብሎ ነበር። በኋላ የመጡ ሰፋፊ ጥናቶች ይህን አላጸኑለትም። ስለዚህ «ጠባዩ ነው» ብለሽ ፋይሉን አትዝጊበት። ድብርት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1993 ሞንትሪያል ላይ ከድንገተኛ የልብ ሕመም የተረፉ 222 ሰዎች ሲጠኑ፣ ድብርት የያዛቸው በስድስት ወር ውስጥ ከሌሎቹ ይበልጥ ሞተው ተገኝተዋል። ታዲያ በ2003 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ከ2,400 የሚበልጡ ታማሚዎችን ይዞ ድብርታቸውንና ብቸኝነታቸውን ለማከም ቢሞክር፣ ስሜታቸው ተሻለ፣ ዕድሜያቸው ግን አልረዘመም። እኔም ጎረቤት ከገባ ልቡ ይድናል ብዬ አላታልልሽም። ቀኑ ግን ከግድግዳ ጋር ብቻ ተፋጦ አይመሽበትም፤ ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደግሞስ ከማን ነው የምትደብቂው? ከዕድርሽ ሰዎች! ወር በወር መዋጮ የምትከፍሉት፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ድንኳን ይዘው እንዲደርሱ ነው። ለለቅሶው ስትፈልጊያቸው፣ ገና ቁጭ ብሎ ስኒ መጨበጥ የሚችለውን ሰው እንዳይጠይቁት በር ትዘጊባቸዋለሽ። ከንፈራቸውን መምጠጣቸው አይቀርም፣ እውነትሽን ነው። መጠውም ቢሆን በማግስቱ አጥሚት ይዘው የሚመጡት እነሱው ናቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ረከቦትሽን አውጪ። አስቀድመሽ ግን «ማን ቢመጣ ደስ ይልሃል?» ብለሽ ጠይቂው፤ መልሱ ቢዘገይም አንቺ አትመልሺለት። አንድ ሰው ብቻ ከጠራ፣ እሱን ብቻ ጥሪለት። ያቺ የፈራሻት ጎረቤት ሳትጠራ ከደረሰች ደግሞ ቆሎውን ወደ እሷ አስጠጊላት፤ አፏ ሥራ ካገኘ ከንፈሯን ታሳርፋለች።